ጦስኝን ማን ያጠጣዋል?

አሜሪካ ውስጥ ጦስኝ መጀመሪያ የሸተተኝ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2003 ሳን ሆዜ በገባሁ በሳምንቴ፣ አራት ሆነን በተከራየነው አፓርታማ፣ ከእኔ ቀድሞ የመጣው ጓደኛችን ሊስትሪን በክዳኑ ቀድቶ ሰጠኝና «ተጉመጥመጥበት፤ እንዳትውጠው» አለኝ። ምላሴን አቃጠለኝ። ከቃጠሎው ሥር ግን የማውቀው ነገር መጣ፤ ጉም የወረደበት ተረተር፣ ዝናብ የመታው ባና፣ የኩበት ጭስ፣ ጦስኝ ሲቀነጥስ የዋለ የእናቴ እጅ። ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ጓደኛዬ ያመመኝ መስሎት «ትፋው፣ ትፋው» ይለኛል።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ጦስኝን ጦስኝ የሚያሰኘው በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ነው፤ በዘይቱ ውስጥ ጎልተው የሚገኙት ደግሞ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ታይሞል ተሕዋስያንን ስለሚገድል ለአፍ መጉመጥመጫው ይጨመራል። ያን ማታ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ለካስ ሽታው አብሮኝ እንደመጣ ብቻ ነበር።

የተወለድኩት መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ርቆ ነው። መንዝ ብርድ ነው። ገብስና በግ የሚያኖሩት አገር ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት በጎቹን ይዘን ስንወጣ ሣሩ ጨው እንደተነሰነሰበት ነጥቶ ይጠብቀናል፤ በባዶ እግራችን ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። በዚያ ውርጭ ሌላው ቅጠል ሁሉ ኩምትር ሲል ጦስኝ ድንጋዩን ተደግፎ እንደተኛ ነው።

ለማያውቀው ሰው ጦስኝ ከሩቅ አይታይም። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከስንዝር አያልፍም። ከሥሩ እንጨት ሆኖ መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ከዚያ ጫፍ ጫፉን ቀና ያደርጋል። ቅጠሉ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ወደ ፀሐይ አድርጎ ላየው ሰው በላዩ ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ የሚመስሉ የዘይት ነጠብጣቦች አሉት። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ወደ ሮዝ የሚያደላም አለ፤ ደቃቅ ስለሆነ ለማየት በጉልበት መንበርከክ ይጠይቃል። እኛ የእረኛ ልጆች ግን በዓይናችን ሳይሆን በአፍንጫችን ነበር የምናገኘው። በጎቹ በጦስኝ ላይ ካለፉ ሽታው ከኋላቸው እንደ አቧራ ይነሣል። ማታ በረት ሲገቡ ኮቴያቸው ይሸት ነበር። እስካሁን ድረስ የበግ ጠረንና የጦስኝ ሽታ በልቤ ውስጥ የተለያዩ ነገሮች አይደሉም።

እናቴ ጓሳ አካባቢ ተወልዳ ነው ወደ አባቴ አገር የመጣችው። ጓሳ በሣሩ የተጠራ ከፍተኛ ደጋ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይነሣል። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የሚኖሩበት፣ የቤት ክዳንና የገመድ ሣር የሚታጨድበት ነው። መንዞች ይህን መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ አገሩ ሲስማማ ይከፈታል፣ በተከፈተ ጊዜም ሁሉም በልኩ ያጭዳል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የድሮው አያያዝ ተናጋ፤ ሕዝቡ ግን መልኩን ቀይሮ ጥበቃውን ቀጠለ። እናቴ ስለ ቄሮ በቃል አስተምራኝ አታውቅም። ጦስኝ ልቀነጥስ ስወጣ ማጭዱን እየሰጠችኝ የምትለው ነው ያስተማረኝ፦

«ሁለት ጣት አስቀርተህ እጨድ። ነቅለህ እንዳትመጣ። ነቅለህ ከመጣህ የከርሞውንም ጠጣኸው ማለት ነው።»

ከዚህ ሌላ ለጦስኝ የሚደረግለት ነገር አልነበረም። ገብስ ይዘራል። ጌሾ ይተከላል። ጤና አዳም በጓሮ ይተከላል፤ ጎረቤት ለቡና ሲፈልግ መጥቶ ይቀነጥሳል። ጦስኝ ግን የማንም አይደለም፤ ማንም አልተከለውም። «ጦስኝ ተከልሁ» የሚል ሰው ቢገኝ ሰዉ «ዝናብ አዘነብሁ» እንዳለ ይቆጥረው ነበር።

አጠቃቀሙን ግን ጠንቅቀን እናውቅበታለን። የታጨደው በሰፌድ ላይ ተበትኖ በጥላ ይደርቃል፤ ፀሐይ ካገኘው ሽታው ይሄዳል። ከደረቀ በኋላ በመዳፍ ታሽቶ ቅጠሉ ከእንጨቱ ይለያል። ከፊሉ ለበርበሬ ይቀመጣል፣ ከፊሉ ለሽሮ፣ የቀረው ለሻይ። እናቴ ሻዩን ስታፈላ ውሃው መጀመሪያ ይፈላል፤ ማንቆርቆሪያው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው ጦስኙ የሚጨመረውና የሚከደነው። «እሳት ላይ ካቆየኸው ይመርርብሃል፤ ደግሞ መልካሙ በእንፋሎት ይሄዳል» ትለኝ ነበር። ጉንፋን ሲይዘን ያው ማንቆርቆሪያ ከፊታችን ይቀመጥና ባና ያከናንቡናል፤ ከባናው ሥር ጨለማ ነው፣ ፊት ይቃጠላል፣ አፍንጫ ይከፈታል። ከዚያ ጨለማ ስወጣ የነበረኝን ስሜት፣ ያን ንጹሕ ብርድ ፊቴን ሲነካኝ፣ ዛሬም እመኘዋለሁ።

ሳን ሆዜ እያለሁ የምጠጣው የደረቀ ጦስኝ ነበር። ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የአገራችን ሱቆች በትንሽ ፌስታል እገዛለሁ፤ አንዳንዴ ደህና ይገኛል፣ አንዳንዴ ግንድና አቧራ ብቻ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተጋብተን፣ ሁለታችንም ለዓመታት ሌሊትና ቀን ሠርተን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሚልፒታስ ሰኒሂልስ በሚባለው ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት ገዛን።

ስለ ሰፈሩ ሁለት ቃል ልበል፤ ስለምወደው ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1955 ፋብሪካውን ከሪችመንድ ወደ ሚልፒታስ ሲያዛውር ጥቁር ሠራተኞቹ በአቅራቢያው የሚያከራያቸውም ሆነ የሚሸጥላቸው አጡ። ያኔ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን የሚኖርበት ሰኒሂልስን አስገነባ፤ በአገሩ ሁሉ ቀዳሚ ከሆኑት እንዲህ ያሉ ሰፈሮች አንዱ ነው። ከዚያው ፋብሪካ ማኅበርተኞች መካከል የሆኑት ቤን ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1966 የሚልፒታስ ከንቲባ ሆኑ፤ ጥቁር ከንቲባ ያኔ በካሊፎርኒያ እጅግ ብርቅ ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1983 ተዘጋ፤ ዛሬ ግሬት ሞል የምንለው ገበያ የቆመው በዚያ ሕንፃ ነው። ሚልፒታስ የሚለው ስምም ትንንሽ የበቆሎ ማሳዎች ማለት ነው። ለገበሬ ልጅ ጥሩ ስም ነው።

ቤቱ ፊት ለፊት ሣር ነበረው። በግ የማይግጠው፣ ሰው የማይተኛበት ሣር፤ እኛ ግን በየሁለት ቀኑ እናጠጣዋለን፣ በየሳምንቱ እናጭደዋለን፣ ያጨድነውን እንጥላለን። ይህ ነገር ሆዴን ይበላኝ ነበር። መንዝ ውስጥ አንድ እስር ሣር በበጋ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል።

ከዚያ ድርቁ ባሰ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2015 የካሊፎርኒያ ገዥ ጄሪ ብራውን በረዶ ሊኖርበት በሚገባ ተራራ ላይ፣ በደረቀ ሣር ላይ ቆመው፣ ከተሞች የውሃ ፍጆታቸውን በ25 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዙ። የሳንታ ክላራ ሸለቆ የውሃ ድርጅትም ሣሩን አንሥቶ ውሃ የማይሻ ተክል ለሚተክል ሰው ገንዘብ ይመልስ ነበር። ለባለቤቴ «ሣሩን ላጥፋው» አልኳት። «አጥፋው» አለችኝ፤ ከእኔ ቀድማ ጠልታው ኖሯል። በካርቶን ሸፈንነው፣ በካርቶኑ ላይ ብስባሽ አለበስንበት፣ ሣሩ ከሥሩ ታፍኖ ሞተ።

ምን እንደምተክል ለማሰብ አንድ ቀን አልፈጀብኝም። የእኛን ጦስኝ አላገኝም፤ የችግኝ መሸጫዎቹ ግን የፈረንጁን ዘመድ ይሸጣሉ። ታይም ይሉታል። አንዱ ቀጥ ብሎ የሚያድግ የወጥ ቤት ነው፤ ሌላው መሬት ለመሬት የሚሳብ ነው። ሁለቱም ዘላቂ ናቸው፤ አንዴ ከያዙ ዓመት ዓመት ራሳቸው ያቆጠቁጣሉ። ከሁለቱም 24 ችግኝ ገዛሁ። በሚገባ ቆፍሬ፣ ብስባሹን ከአፈሩ ለውሼ፣ በመስመር ተከልኩ። ከዚያ ማጠጣት ጀመርኩ። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ቱቦውን አነሣለሁ። ቅጠሉ ትንሽ የገረጣ ሲመስለኝ ማዳበሪያ እጨምራለሁ። ልጅ እንደማሳድግ ነበር የተንከባከብኩት፤ ልቤን ሰጠሁት።

ያም ሆኖ መጀመሪያው በጋ አለፈ። ችግሩ የመጣው ከሁለተኛው ክረምት ጋር ነው። እዚህ ዝናቡ በእኛ ኅዳር ይጀምርና እስከ መጋቢት ይዘንባል፤ በጋው ጠብታ የለውም። የሚልፒታስ አፈር ደግሞ ዋልካ ነው። ሲረጥብ አካፋ ላይ ተለጥፎ አይለቅም፣ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ያ ክረምት ካሊፎርኒያ ከድርቅ ወደ ጎርፍ የዞረችበት ነበር። በየካቲት 2009፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2017፣ የአንደርሰን ግድብ ሞልቶ ፈስሶ ኮዮቲ ክሪክ ሳን ሆዜን አጥለቀለቃት፤ 14,000 ያህል ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ታዘዙ። የእኔ ጦስኞች ከመሃላቸው ጀምሮ ቡናማ ሆኑ። አንዱን ስስበው ያለ ምንም ትግል ወጣ። ሥሩ ጥቁር ነበር፤ የበሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል።

እናቴ የመጣችው ከዚያ ጎርፍ በሳምንቱ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ የጉምሩኩ ሰው ሻንጣዋን አስከፈታት። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ከበታች በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ የደረቀ ጦስኝ። ሰውዬው ቋጠሮውን ፈትቶ አሸተተው፤ «ሻይ» አለችው። ራሱን ነቅንቆ መልሶ ቋጠረላት፤ እንደ እሷ አድርጎ፣ አጥብቆ። እናቴ ይህንን ለመንደሩ ሁሉ ተናግራለች፤ «ቋጠሮ የሚያውቅ ሰው ነው» እያለች።

ቤት እንደደረስን ከመኪና ወርዳ ገና ሳትገባ ፊት ለፊት ያለውን ቡናማ ነገር አየች።

«ይሄ ምን ነበር?»

«የጦስኝ ዘመድ ነው እማዬ። ሞተብኝ።»

«ምን አድርገኸው?»

«ምንም። አጠጣሁት፣ ማዳበሪያ ሰጠሁት፣ አፈሩን አለሰለስኩለት . . .»

ትንሽ ዝም አለች። «ጓሳ ላይ ማን ያጠጣዋል?» አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁላችንም ሳንነሣ ወጥታ ዳር ዳሩን ስታይ አገኘኋት። ጎንበስ ብላ ነበር። በመኪና መግቢያው ሲሚንቶና በአጥሩ መካከል፣ ጠጠር ብቻ ባለበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ከ24ቱ ጫፍ ሲጣል የወደቀ አንድ ቁራጭ ሥር ሰዶ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሲሚንቶው ላይ ተንተርሶ ተኝቷል። እኔ ለሁለት ዓመት በላዩ በመኪና ሳልፍ አላየሁትም። ቀነጠሰች፣ መዳፏ ላይ አሸችው፣ አሸተተችው። እኔ የሐኪም ፊት እንደሚጠብቅ ሰው አፏን አያለሁ።

«ዘመዱስ ዘመዱ ነው» አለች። «የአክስት ልጅ።»

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ድንጋይ ያስፈልጋል ስትለኝ ከአትክልት ዕቃ መሸጫ በፒክአፕ አስመጣሁ፤ ድንጋይ በገንዘብ እንደሚገዛ ስታውቅ ረጅም ሰዓት አዘነች። የምትክበው ካብ አያቴ ይክቡት የነበረውን ነው። ትልልቁን ከታች ታስቀምጣለች፤ እያንዳንዱን ፊቱን ወደ ውጭ፣ ራሱን ትንሽ ወደ ውስጥ ታዘነብለዋለች። አንዱን ድንጋይ ሦስት አራት ጊዜ ታገላብጠዋለች፤ የሚመቸው ጎኑን ሲያገኝ ራሱ ድምፅ ይሰጣል፣ «ቀጭ» ይላል፣ ከዚያ አይነቃነቅም። ክፍተቱን በጠጠር ትወትፋለች። 67 ዓመቷ ነበር። ልጄ፣ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ፣ ጠጠር አቀባይ ሆነች። ጉልበት የሚደርስ ካብ፣ ፊቱ ለደቡብ ፀሐይ፣ ውስጡ ሁለት እጅ ጠጠር፣ አንድ እጅ አፈር። ብስባሽ ልጨምር ስል እጄን ያዘችኝ። «ጭንጫ ነው የሚፈልገው። አጥግበህ ነው የገደልከው።»

አዲስ ችግኝ ስንገዛ የመሸጫውን ጥቁር አፈር ከሥሩ አራገፈችው። ተከለች፣ አንድ ጊዜ አጠጣች። «በቃ። ከእንግዲህ እጅህን ሰብስብ።»

እጄን መሰብሰብ እንዴት እንደከበደኝ። በሥራ ደክሜ ስመጣ የምሠራለት ነገር አለማግኘቴ ያስጨንቀኝ ነበር። በመጀመሪያው በጋ ሥር እስኪሰድ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ያውም እሷ ከፈቀደች፣ አጠጣለሁ። በግንቦት መጨረሻ ካቡ ሐምራዊ ሆነ። ንቦቹ ከየት እንደሚመጡ አናውቅም፤ ጠዋት በሩን ስንከፍት ካቡ ያጉረመርማል። አንድ ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ እናቴ በወጥ ቤት መቀስ ሁለት ጣት አስቀርታ አጨደችው። አሮጌው እንጨት ድረስ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም፤ ይህን የፈረንጆቹም የአትክልት መጻሕፍት ይሉታል፤ እናቴ ጣቷን ለክታ ነው የምታውቀው። ጋራዡ ውስጥ መኪናዬን አስወጥታ ሰፌዶቿን ዘረጋች።

በስድስት ወር ቆይታዋ ከሰው ጋር የተግባባችው በቅጠል ነው። ጎረቤታችን ህንዳዊት እናት አሉ፤ ደጃቸው ላይ በማሰሮ የተከሉት ቱልሲ አላቸው፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ እያፈሰሱ ይጸልዩበታል። እናቴ ከአጥሩ ማዶ አይታ አይታ አንድ ቀን ቅጠል በምልክት ለመነቻቸው። ስታሸተው «ይሄማ ዳማ ከሴ ነው!» ብላ ጮኸች። አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ግን አልተሳሳተችም፤ ዳማ ከሴም፣ ቱልሲም፣ በሶብላም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እሷም ጦስኝ ቆርጣ ሰጠቻቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እናቶች አንድ ቃል ሳይግባቡ በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ቅጠል ይለዋወጡ ነበር፤ ራሱን ያመመው፣ ያስነጠሰው ሰው ካለ በእጅ ምልክት ይናገራሉ።

በመጋቢት ደግሞ ኤድ ሌቪን ፓርክ ወሰድኳት። ኮረብታው ከዚያ ዝናብ በኋላ እንደ መስከረም ለምልሞ ነበር፤ ብርቱካናማው የካሊፎርኒያ ፖፒ እዚህም እዚያም ፈክቷል። «አደይ!» አለች፤ ቀረብ ስትል ዝም አለች። አበባው ደመና ሲመጣ ይከደናል፤ እያየችው ተከደነ። «አደይ እንዲህ አያደርግም» አለችኝ። በመኪናው ውስጥ ስንመለስ ብዙ አልተናገረችም።

ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ የተወችልኝን ቋጠሮ ስጨርስ ከጨርቁ እጥፋት ውስጥ እንደ አሸዋ የደቀቁ ቡናማ ፍሬዎች አገኘሁ። የጦስኝ ዘር። የእውነተኛው። ነጭ ወረቀት ላይ አድርጌ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ለሻይ የገባ ነገር ለመዝራት አይሆንም፤ ለመዝራት የሚገባ ዘር ፈቃድ ወይም የጤና ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ሕጉም ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ካሊፎርኒያ የእርሻ አገር ናት፣ አንድ በሽታ ስንቱን ያጠፋል። ግን እጄ ተንቀጥቅጧል። በመጨረሻ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ጨመርኩትና ጠጣሁት።

በዚያ ሰሞን ነው ስለ ጦስኝ ማንበብ የጀመርኩት። ሳይንሱ ቲመስ ሺምፔሪ ይለዋል። ሺምፐር ጀርመናዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1837 ኢትዮጵያ ገባ፤ ደጃዝማች ውቤ እንትጮ የሚባለውን አገር እንዲያስተዳድር ሰጡት፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶ ወለደ፤ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካቆዩአቸው አውሮፓውያን አንዱ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1878 ዐድዋ ላይ ሞተ። በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ውስጥ እሱ ያደረቃቸው የአገራችን ቅጠሎች እስካሁን በወረቀት ላይ ተለጥፈው አሉ። እኔ ስሙን ማየቴ ትንሽ ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ እናቴና የእናቴ እናት የሚያውቁት ቅጠል እንዴት በእሱ ስም ይጠራል ብዬ። ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ ቅሬታዬ ለዘበ። አርባ ዓመት በሰው አገር የኖረን ሰው እረዳዋለሁ።

ከንባቡ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ተመራማሪዎች ጦስኝ ከየተራራው እየሳሳ ነው ይላሉ። አዲስ አበባ የጦስኝ ሻይ ስለወደደች ነጋዴው ይገዛል፤ በጆንያ ነው የሚጫነው፤ ወጣቱ ለመቁረጥ ጊዜ የለውም፣ ከነሥሩ ይነቅለዋል። ወንድሜን በስልክ ጠየቅሁት። «ድሮ በጎቹን ከምናሰማራበት ላይ የለም፤ አሁን ሁለት ሰዓት ወጥተህ ነው የምታገኘው» አለኝ። በነቃዮቹ አልፈርድም፤ ደጋ ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ነገር ስንት አለ? ግን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። እናቴ ማጭዱን እየሰጠች የምትለኝ ነገር ሕግ እንደነበረ፣ ያ ሕግም እንደ ጓሳው ሣር ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ጦስኝን እንደ ሰብል የማልማት ሥራ ተሠርቷል። ያንን ለወንድሜ ልነግረው ስደውል ቀድሞ ነገረኝ፦ እናታችን ከጓሮው ካብ ሥር ጦስኝ ተክላለች። ቁራጩን ከላይ ከተረተሩ ራሷ ወጥታ አምጥታው ነው። መንደሩ መጥቶ ጉድ አለ።

«ጦስኝ ይተከላል እንዴ?» አሏት።

«ልጄ ሚልፒታስ ተክሏል» አለቻቸው።

በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሞላሌ ሲደርስ ስልክ ጠፋ። ስንት ቀን እንደሆነ ዛሬ ቆጥሬ ልነግራችሁ አልችልም፤ በዚያ ጊዜ ቀን አልቆጠርኩም። ከሥራ ስመለስ ካቡ ጫፍ ላይ እቀመጥ ነበር፤ ባለቤቴ ጋቢ ታመጣልኛለች፤ ምንም አትለኝም። እጄ ቅጠል ይቀነጥሳል፤ ሳላውቀው አንዱን ጎን ጨርሼ መላጣ አድርጌው ነበር። በመጨረሻ ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ደወለ። ሁሉም በሕይወት አሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ በሩ ተሰብሮ፣ ገብሱ ተወስዶ፣ በጎቹ አልነበሩም። እናቴን በስልክ ሳገኛት ስለ ገብሱም ስለ በጎቹም ብዙ አልተናገረችም። የጠየቅኋት እኔ ነኝ፦

«ጦስኙስ?»

«ረጋግጠውታል» አለች። «መርገጥ ምን ያደርገዋል?»

ካቡ አሁን ስምንተኛ ዓመቱን አልፏል። መሃሉ እየገረጀፈ ስለሄደ በየሦስት አራት ዓመቱ ጎን ጎኑን ቆርጬ እንደ አዲስ እተክለዋለሁ፤ የወጥ ቤቱ ዓይነት ቶሎ ያረጃል፣ የሚሳበው ግን ድንጋዩን አልብሶ ወደ እግረኛ መንገዱ ወርዷል። መንገደኛው ሲረግጠው ቆም ብሎ ጫማውን ያያል። ከሰፈሩ ሰዎች ሦስቱ ሣራቸውን አንሥተው ቁራጭ ከእኔ ወስደዋል። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠጣ ነው።

ባለፈው ሰኔ ካጨድነው ጋራዥ ውስጥ ደርቆ ሁለት ጠርሙስ ወጣልን። ልጄ አሁን ፊደል ትጽፋለች፤ በአንዱ ጠርሙስ ላይ «ጦስኝ» ብላ ጻፈችበት፤ «ኝ»ን አሳምራ። አንድ የምናውቀው ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከጠርሙሱ በጨርቅ ቋጥሬ ሰጠሁት። እናቴ በከረጢት ሳይሆን በጨርቅ የመጣ ነገር ታምናለች። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን ሞላሌ፣ ከዚያ በወንድሜ እጅ ቤት ደረሰ። በሳምንቱ እሑድ ደወልኩ። ውሃውን አፍልታ፣ ማንቆርቆሪያውን አውርዳ፣ ጨምራ ከድናዋለች፤ ስኒው በእጇ እንደሆነ ከትንፋሿ ይሰማኛል። ፉት ስትል ሰማኋት። ጠበቅሁ።

«ደህና ነው» አለች። ደግማ ፉት አለች።

«ውርጭ አላገኘውም።»